ረዳቱ መጣ ተብሎ ሾፌሩ አይወርድም፦ «የተዋጊ ጄት ዘመን አበቃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቡና ላይ ተቀምጫለሁ። ቶናው ሳይቀዳ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የእናንተ ነገር አበቃለት አሉ» አለኝ። በወጣትነቴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ በአውሮፕላን ጥገና ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን የጨረስኩት ፋብሪካ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው። ሰፈሩ ግን አሁንም «የአየር ኃይሉ» ይለኛል። ሰማይ ላይ የሆነ ነገር ባለፈ ቁጥር ጥያቄው እኔ ጋ ይመጣል።

ልጁ ያሳየኝ ቴሌግራም ላይ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከሦስት ሰው ደረሰኝ፤ አንዱ ደሴ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊው ያነበቡ ሰው ለመሆናቸው ያስታውቃል። መልስ የሚገባውም ለዚህ ነው። ተራ ወሬ ቢሆን ቡናዬን ጠጥቼ እሄድ ነበር።

የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። ዩክሬን ውስጥ ድሮን ጦርነቱን ስለለወጠው አብራሪ የሚቀመጥበት ተዋጊ ጄት ጊዜው አልፎበታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርጥ አብራሪዎችን አሸንፏል፤ ስለዚህ ሰው ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ የሚቀመጠው በልማድ ነው። ከጄት ጎን የሚበር አጃቢ ድሮን በርካሽ እየተሠራ ለአንድ ጄት 300 ሚሊዮን ዶላር ማውጣት እብደት ነው፤ ይህን እብደት ያቆየው የጄነራሎች ናፍቆትና የኩባንያዎች ትርፍ ነው። በመጨረሻም፣ ድሮን ርካሽ ስለሆነ እንደኛ ያለ አገር ሰማይ ላይ ከኃያላኑ ጋር እኩል ይሆናል። አራት ነጥብ ነው። ያጣመምኩት የለም ብዬ አምናለሁ።

(ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው።)

ከዩክሬን እንጀምር። ትንንሾቹ ድሮኖች እዚያ የሠሩትን ማንም አይክድም። ታንክ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ መውጣት ፈርቷል። ግን ለምን እንዲህ ሆነ? ሁለቱም ወገን ሰማዩን መቆጣጠር ስላልቻለ ነው። የአንዱ የአየር መከላከያ የሌላውን ጄት ከግንባሩ አርቆታል። ድሮኑ የነገሠው ዙፋኑን ባዶ አግኝቶት ነው። ዩክሬን በገፍ ድሮን እያመረተች፣ ጎን ለጎን ኤፍ-16 የተባለውን የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ስጡኝ እያለች ስትለምን ቆይታ በ2024 ተቀበለች። ድሮኑ ጄቱን ከተካው ልመናው ለምን አስፈለገ?

ጸሐፊው አብዝተው የሚያደንቁት የ2025ቱን «የሸረሪት ድር» ዘመቻ ነው። እኔም አደንቀዋለሁ። 117 ድሮኖች ሩሲያ ውስጥ ገብተው ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ቆመው በነበሩበት አቃጠሉ። አንዱ ጦር ሰፈር ከዩክሬን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ድሮኖቹ እዚያ ድረስ በርረው አልሄዱም። በከባድ መኪና ተጭነው ነው የደረሱት። የመጨረሻዋን ትንሽ መንገድ ብቻ በረሩ። ኮምቦልቻ የሾፌር ከተማ ናትና ይህን ለማስረዳት እዚህ ብዙ አልቸገርም።

ሌላም ልጨምር። በ2024 ሚያዝያ ኢራን 170 ያህል ድሮኖችን ከሚሳኤሎች ጋር ወደ እስራኤል ለቀቀች። ድሮኖቹ ሩቅ ይሄዳሉ፤ ግን ቀርፋፋ ናቸው። ሻሄድ የሚባለው በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚበርረው። መንገድ ላይ ማን ጠበቃቸው? በአብዛኛው አብራሪ ያለባቸው ጄቶች። የአሜሪካ ጦር ብቻውን ከ80 በላይ ድሮኖችን መትቻለሁ ብሏል፤ ከመቱት ውስጥ ዋናዎቹ ኤፍ-15ኢ ጄቶች ናቸው። እስራኤል እንዳለችው አንዱም ድሮን ድንበሯን አላለፈም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። የተተኮሰው ሚሳኤል ከተመታው ድሮን ብዙ እጥፍ ውድ ነው። በዚህ ሒሳብ ረጅም ጦርነት አያስኬድም። ከጄቱ ጎን ርካሽና ብዛት ያለው ነገር ማሰለፍ የተፈለገውም በከፊል ለዚህ ነው።

ሥሩ ያለው ግን ቃሉ ላይ ይመስለኛል። ደሴ ውስጥ ሠርግ የምትቀርጸው ድሮን ትባላለች። ምሽግ ላይ ቦምብ የምትጥለውም ድሮን ናት። የጄት ሞተር የተገጠመለት፣ ሚሳኤል የሚሸከመው፣ ከጄት ጋር ተሰልፎ የሚበረውም ድሮን ይባላል። ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ «ድሮን ይበቃል» ማለት ባጃጁንም ሲኖትራኩንም «መኪና» ብሎ እህሉን በባጃጅ እንጫን እንደማለት ነው።

ስለዚህ አጃቢው ምን እንደሆነ እንየው። አሜሪካ በ2025 መጋቢት ኤፍ-47 የተባለውን አዲስ ተዋጊ ጄት ቦይንግ እንዲሠራው ወሰነች። አብራሪ አለው። ከሱ ጎን የሚበሩ ሁለት ዓይነት ሰው አልባ አውሮፕላኖች ደግሞ በዚያው ዓመት ለሙከራ ተነሥተዋል፤ ዋይኤፍኪው-42ኤ እና ዋይኤፍኪው-44ኤ ይባላሉ። አንደኛው ጄነራል አቶሚክስ፣ ሌላው አንዱሪል የሚባል ኩባንያ ሥራ ነው። አውስትራሊያ ጎስት ባት የሚባለውን ከ2021 ጀምሮ እያበረረች ነው። የሁሉም ሐሳብ ተመሳሳይ ነው። አብራሪው ከኋላ ሆኖ ያዝዛል። ሰው አልባዎቹ ቀድመው ይገባሉ፣ ያያሉ፣ ሚሳኤል ይሸከማሉ፣ ካስፈለገም እነሱ ይመታሉ።

ይህን ለልጁ ያስረዳሁት በሀረጎ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በጭነት መኪና የወጣ ሰው ያውቀዋል። መኪናው ዳገቱ ላይ ያቃስታል። ረዳቱ ታኮውን በእጁ ይዞ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው እኩል ይራመዳል። ሞተሩ ከከዳ ታኮውን ጎማው ሥር ይወረውራል። ጠባብ ኩርባ ላይ ቀድሞ ሮጦ ከላይ የሚወርድ መኪና መኖሩን ያያል፤ በእጁ «ና፣ ና» ይላል፤ ካልሆነም ቦዲውን ሁለት ጊዜ ይደበድባል። ያ ድብደባ «ቁም» ማለት እንደሆነ ሾፌሩ ያውቃል። ጭቃው ውስጥ የሚገባው ረዳቱ ነው። አደጋው የሚቀርበው እሱን ነው። በርካሽ የሚቀጠረውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ አይቶ «እንግዲያው ሾፌሩ ይውረድ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የኔ ነገር ይኼው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አብራሪን አሸነፈ የሚለው እውነት ነው። በ2020 በአሜሪካ በተደረገ ውድድር አንድ ፕሮግራም የኤፍ-16 አብራሪን 5 ለ 0 ረትቷል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ውድድሩ ግን ኮምፒውተር ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ባላጋራው የት እንዳለ በየቅጽበቱ ተነግሮት ነበር፤ ራዳር አይሳሳትበትም፣ ደመና አይጋርደውም። ፊት ለፊት እየገሰገሰ በመድፍ ተኩሶም ብዙ አግኝቷል። ይህ አብራሪዎች በልምምድ ላይ እንዳያደርጉት የሚከለከሉት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ይጋጫሉ። ኮምፒውተር ግጭት አይፈራም። ሲጋጭም የሚሞት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ ግን ቴክኖሎጂው ቆሞ አልጠበቀም፤ ይህንንም መሸፋፈን አልፈልግም። በ2023 ኤክስ-62ኤ የተባለች የተለወጠች ኤፍ-16 በፕሮግራም እየተመራች እውነተኛ ሰማይ ላይ ከሰው ጋር የልምምድ ፍልሚያ አድርጋለች። ለጥንቃቄ ብለው ግን አብራሪ አስቀምጠውባት ነበር። በዓመቱ የአሜሪካ አየር ኃይል ሚኒስትር የነበሩት ፍራንክ ኬንዳል ራሳቸው ተሳፍረውባት በረዋል። የቱርኩ ክዝልኤልማ (ስሙ «ቀይ ፖም» ማለት ነው፤ ለጦር አውሮፕላን የሚገርም ስም ነው) በ2025 መጨረሻ በሙከራ ላይ አየር ላይ ያለ ዒላማ በሚሳኤል መትቷል። ያኔም ኤፍ-16ዎች አብረውት ይበሩ ነበር።

ጥያቄው መቅዘፍና መጠምዘዝ ላይ አይደለም። በዚያ ማሽን ሰውን ቢያሸንፍ አይገርመኝም፤ ካልኩሌተርም በማባዛት አሸንፎኛል። ጥያቄው ራዳሩ ላይ ያለችው ነጥብ ምንድን ናት የሚለው ነው። በ1988 የአሜሪካ መርከብ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን ተዋጊ ጄት መስሎት 290 ሰው ገደለ። በ2020 ኢራን ከቴህራን የተነሣውን የዩክሬን አውሮፕላን መትታ 176 ሰው አለቀ። «እነዚህን የተሳሳተው ሰው ነው እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን እነዚህ ሰዎች አውሮፕላኑን በዓይናቸው አላዩትም፤ መሣሪያ ፊት ተቀምጠው ነው የወሰኑት። አየር ላይ ያለ አብራሪ ቀርቦ ማየት ይችላል፤ ክንፍ ማወዛወዝ ይችላል፤ ተው ተብሎ መመለስ ይችላል። በኋላም ስሙ ተጠርቶ ይጠየቃል።

ግንኙነቱስ? ዩክሬን ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ማፈኑ ስለበረታ ድሮኖችን እንደ ካይት በክር፣ ፋይበር ኦፕቲክ በሚባል ቀጭን የመስታወት ገመድ፣ አያይዘው ማብረር ጀምረዋል። ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ገመድ ማሳ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይታያል። ለቴሌ ሠራተኞች ያሳዝናል። ባሕር ማዶ ያለ ሰው በሳተላይት የሚያበረው ድሮን ይህ ማፈን ሲመጣበት ብቻውን ይቀራል። አዛዡ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ርቆ አየር ላይ ካለ ግን ግንኙነቱ አጭርና ቀጥታ ስለሚሆን ማፈኑ ይከብዳል። ሰው ኮክፒት ውስጥ የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ናፍቆት አይደለም።

የሩሲያውን ኦሆትኒክ ታሪክ ጸሐፊው ቢያነሡት ደስ ይለኝ ነበር። ስሙ «አዳኝ» ማለት ነው። ትልቅ፣ ከራዳር ለመሰወር የተሠራ ሰው አልባ ጄት ነው። በ2024 ጥቅምት ከተዋጊ ጄት ጋር እየበረረ ሳለ ዩክሬን ሰማይ ላይ ከቁጥጥር ሳይወጣ አልቀረም። የራሱ ወገን ጄት መትቶ ጣለው። አዳኙን ያደነው አብሮት የበረረው ጄት ነው። አብራሪው ባይኖር ኖሮ አዲሱ ቴክኖሎጂ ሙሉ ገላውን ጠላት እጅ ይገባ ነበር። ስብርባሪው ግን ገብቷል።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ 300 ሚሊዮኑ ጸሐፊው የፈጠሩት ቁጥር አይደለም። የአዲሱ ጄት ዋጋ ወደዚያ እንደሚጠጋ ኬንዳል ራሳቸው ተናግረዋል። ከባድ ዋጋ ነው። አሜሪካም ደንግጣ በ2024 የጄቱን ሥራ አቁማ «በእርግጥ ያስፈልገናል?» ስትል ቆይታለች። ይህ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ በናፍቆት ተቀጠለ ለሚለው ክስ አይመችም።

«ርካሹ» አጃቢስ? የታሰበው ዋጋ ኤፍ-35 የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ከሚያወጣው ሩብ ወይም ሲሶ ገደማ ነው። ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ይህን ርካሽ የሚለው የአሜሪካ ኪስ ብቻ ነው። ሩቅ ይሂድ ካላችሁት ነዳጅ ይጨመራል፤ ነዳጅ ሲጨመር አካሉ ይተልቃል፤ ሲተልቅ ሞተሩ ያድጋል። ከራዳር ይሰወር ስትሉ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። የአሜሪካ አየር ኃይል እንደገለጸው ኤፍ-47 ከ1,000 ኖቲካል ማይል በላይ ሄዶ ተዋግቶ ይመለሳል፤ ወደ 1,850 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አጃቢዎቹ ከ700 ኖቲካል ማይል በላይ ነው የተባሉት። ልዩነቱን በርካሽ የሚሞላ ሰው እስካሁን አልመጣም። ግሎባል ሆክ የሚባለው ሰው አልባ ሰላይ ደግሞ አንዱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ በ2019 ኢራን አንዱን ጣለችው። ወንበሩን ማውጣት ብቻውን ዋጋ አያወርድም።

የኩባንያዎቹ ጥቅም የሚለውን አልከራከርም። ፈረንሳይና ጀርመን ከስፔን ጋር የጀመሩት አዲስ ጄት ዳሶና ኤርባስ «መሪው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያሉ ሲጎተት ዓመታት አልፈዋል። ድሮን የሚሠራውም ግን ኩባንያ ነው። እሱም ለጽድቅ አይሠራም።

«አበቃለት» የሚለው ቃል ራሱ አዲስ አይደለም። በ1957 የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስትር ደንከን ሳንዲስ ሚሳኤል መጥቷል፣ አብራሪ ያለበት ተዋጊ ጄት ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል ሰነድ አወጡ። በርካታ የጄት ፕሮጀክቶች ተሰረዙ። ከስልሳ ዓመት በላይ አልፎታል። እንግሊዝ ዛሬ ከጃፓንና ከጣሊያን ጋር ሆና ለ2035 የሚደርስ አዲስ ጄት እየሠራች ነው። ኮክፒት አለው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነጥብ ልምጣ፤ «እኩል ሆንን» ወደሚለው።

ደሴ ሰማይ ማን እጅ እንዳለ የሚያስተምር ትምህርት ቀድማ ወስዳለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ተኮሱ፤ ፎቶው ዛሬም አለ። ኢትዮጵያ ያኔ አውሮፕላን አልነበራትም ማለት አይደለም። ጥቂት ነበሯት፤ ግን ለመልእክትና ለሰው ማመላለሻ እንጂ ለውጊያ አይሆኑም። «አውሮፕላን አለን» ማለትና «ሰማይ አለን» ማለት የተለያየ ነው። «ድሮን አለን» ማለትም እንደዚያው ነው። የ2014 ዓ.ም. ጦርነት በላያችን ያለፈ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ ድሮንን ከመጽሐፍ አልተማርንም። ስለዚያ ዛሬ አልጽፍም።

ደግሞ የተገላቢጦሹ አለ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ኦጋዴን ላይ የሶማሊያ ሚግ-21 በወረቀት ላይ ከኛ ኤፍ-5 ይፈጥን ነበር። ሰማዩን የያዙት ግን የኛዎቹ ናቸው። እነ አብራሪ ለገሰ ተፈራ። መሣሪያው በልጦ አይደለም። ሥልጠናው፣ ራዳር ላይ ሆኖ የሚመራቸው ሰው፣ ሌሊቱን ሞተር ሥር ተኝቶ የሚያድረው ቴክኒሻን ነው። እኔ በኋላ የገባሁት ሰው ብሆንም የዚያ ዘመን አለቆቼ ቡሎን እንዴት እንደሚያጠብቁ አይቻለሁ። አንድ አለቃችን ቡሎን ካጠበቀ በኋላ በአውራ ጣቱ ይዳስሰው ነበር፤ ቁልፉ የሚዋሸውን ጣት ያውቀዋል ይል ነበር።

ድሮን ስትገዙ ይህ ሁሉ አብሮ አይመጣም። ሶፍትዌሩ የሻጩ ነው። መለዋወጫው የሻጩ ነው። የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ካርድ ተቃጠለች። ማሽኑ ደህና ነው፣ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ ሰዉ ተሰልፎ ቆሟል። ካርዷ ከባሕር ማዶ እስክትመጣ አንድ መስመር ለሳምንታት ቆመ። እኛ በየቀኑ አቧራውን እናራግፍለታለን። ያ የክር ማሽን ነው። ጠላት ሲመጣ ድሮኗ እንዲህ ብትቆም አስቡት።

ብዙ የአፍሪካ አገሮች ድሮን የሚገዙባት ቱርክ እኮ በድሮኗ አልቆመችም። ካአን የተባለውን አብራሪ ያለበትን ጄት በ2024 አብርራለች፤ ክዝልኤልማንም ጎን ለጎን ትሠራለች። ሻጩ ራሱ ሁለቱንም እየሠራ ገዢው «አንዱ ይበቃኛል» ካለ፣ ሻጩን ጠጋ ብሎ ምክንያቱን መጠየቅ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ በሦስት ሲኒ ጨረስኩለት። በረካው ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ አሰበና፣ «እሺ ጋሼ፤ ግን ሀረጎ ላይ የሚነዱት ሾፌሮች ብዙዎቹ ድሮ ረዳት ነበሩ አይደል? ረዳቱ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀንስ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም ማለት አልችልም። ረዳት መሪ የሚይዘው መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ሾፌሩ አጠገቡ ተቀምጦ። ኤክስ-62ኤ አሁን እዚያ ናት። ሀረጎን ጭነት ሞልቶ በሌሊት፣ በጉም፣ በመጀመሪያ ቀኑ የሰጡት ረዳት ግን አላውቅም አልኩት። «አንድ ቀን ግን ይሰጡታል» አለ። ይሰጡታል አልኩ። ሲኒዎቹ ተነሡ።